አዋሽን ሲሻገሩ የሚይዝ በሽታ

የሰው ሐዘን ይለካል ወይስ አይለካም የሚለው ክርክር አብቅቷል። ይለካል። ጣሪያውም 27 ነው። ከዚያ በላይ ማዘን አይቻልም፤ ቅጹ ላይ ቦታ የለም።

አባቶቻችን የሰው ሆድ ጥልቅ ነው፣ የልብን የሚያውቅ አንድዬ ብቻ ነው እያሉ በከንቱ ሲጨነቁ ኖሩ። ጥቂት ቢታገሡ ኖሮ አንድ ገጽ ወረቀት ይደርስላቸው ነበር። ወረቀቱ ፒኤችኪው-9 ይባላል። ስለ ድባቴ ዘጠኝ ነገር ይጠይቃል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ጭራሽ አልነበረብኝም ያለ 0፣ አንዳንድ ቀን ያለ 1፣ ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት ያለ 2፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል ያለ 3 ያገኛል። ከዚያ በኋላ መደመር ነው። 5 ሲሞላ ቀላል፣ 10 ሲሞላ መካከለኛ፣ 15 ሲሞላ ከዚያ ከፍ ያለ፣ 20 ሲሞላ ከባድ። እንግዲህ መደመር የቻለ ሁሉ ነፍስን መመርመር ቻለ። አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካላችሁ ቤታችሁ ውስጥ የአእምሮ ሐኪም አለና አክብሩት።

የቅጹን ቸርነት ልመስክር። እንቅልፍ አጣችሁ? ነጥብ አለ። እንቅልፍ በዛባችሁ? ለእሱም ነጥብ አለ። ምግብ አስጠላችሁ? ነጥብ። ከልክ በላይ በላችሁ? ያው ነጥብ። ሰው እስኪታዘባችሁ ተንቀራፈፋችሁ? ነጥብ። መቀመጥ አቅቷችሁ ተቅበዘበዛችሁ? እሱንም ጻፉት። በዚህ ዓለም ላይ ጉዳያችንን ይዘን ቀርበን «ይህ እኛን አይመለከትም» ያላለን መስኮት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሌሊቱን ጣሪያ ላይ አፍጥጦ የሚያነጋው፣ ከመክሳቱ የተነሣ ሱሪው አልይዝ ያለው ሰውዬ፣ ቀን ሙሉ ተኝቶ ሲነቃ ከሚበላውና ተመልሶ ከሚተኛው ጎረቤቱ ጋር በዚህ በር ሲገቡ ሁለቱም 14 ናቸው። አንድ ቁጥር፣ አንድ ስም፣ ምናልባትም አንድ ክኒን።

ይህን ተመሳሳይነት ያላመኑ ሰዎች ነበሩ። ኤይኮ ፍሪድና ራንዶልፍ ኔሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ድባቴ አለባችሁ ተብለው ሲታከሙ የነበሩ 3,703 ሰዎችን ምልክት አንድ በአንድ ዘርዝረው ቢያዩ 1,030 ዓይነት የተለያየ የምልክት ስብስብ አገኙ። ፍሪድ በዚህም አላበቃም። በ2017 ደግሞ በሰፊው የሚሠራባቸውን 7 የድባቴ መጠይቆች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲቆጥር፣ በድምሩ 52 ልዩ ልዩ ምልክት ይጠይቃሉ። ሰባቱም የሚለኩት ድባቴን እንደሆነ ይምላሉ። መጠይቆቹ ምን ያድርጉ፤ አንድ መሆን አልፈልግ ያለው ድባቴው ነው።

ፒኤችኪው-9ን በ2001 ለሕትመት ያበቁት ኩርት ክሮንኪ፣ ሮበርት ስፒትዘርና ጃኔት ዊልያምስ ናቸው። ወጪውን የደገፈው ፋይዘር ነበር፤ ዞሎፍት የሚባለው የድባቴ መድኃኒት ባለቤት የነበረው ፋይዘር። ነገር ፈላጊዎች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ያጠባሉ። ምን አለበት? ጠላ ሻጯ የጥም መለኪያ በነጻ ብታድል ደግነቷ ነው። ቅጹን ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ያባዛዋል፣ ይተረጉመዋል፣ ያሰራጨዋል፤ አንድ ሳንቲም አይጠየቅም። ክፍያ ያለው ከተለካ በኋላ ነው።

ከእሱ በፊት ዙፋኑ ላይ የነበረው የማክስ ሃሚልተን መመዘኛ ነው። የሊድሱ ሐኪም ሃሚልተን ይህን ባለ 17 ጥያቄ መመዘኛ ያወጣው በ1960 ሲሆን የድባቴ መድኃኒቶች ለአሥርት ዓመታት የተፈተኑት በአብዛኛው በእሱ ነው። ይህንን የሚሞላው በሽተኛው ሳይሆን ሐኪሙ ነው። ሃሚልተን ያዘጋጀው ድባቴ እንዳለበት ቀድሞ ለታወቀ ሰው፣ ሕመሙ ምን ያህል እንደበረታ ለመመዝገብ እንጂ በሽታውን ለመፈለግ አልነበረም። የሰማው ጥቂት ነው። እኔ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የምወደው የመጨረሻውን ነው፤ በሽተኛው መታመሙን ያውቃል ወይ? «አዎን፣ ድባቴ ይዞኛል፣ ታምሜአለሁ» ካለ 0። «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ የአየሩ ጠባይ ነው፣ የበላሁት ምግብ ነው» ካለ 1። «ኧረ እኔ ምንም አልሆንኩም!» ካለ 2። ስለዚህ ጤነኛ ሆናችሁ በስሕተት እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ፣ ጤነኛ ነኝ አትበሉ። እየባሰባችሁ ይሄዳል።

እንቅልፍ ደግሞ በሃሚልተን ዘንድ ባለሟል ነው። ቶሎ አለመተኛት፣ እኩለ ሌሊት መንቃት፣ ጎህ ሳይቀድ መንቃት እየተባለ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፤ በያንዳንዱ እስከ 2፣ በድምሩ እስከ 6 ነጥብ ያስገኛል። ራስን ለማጥፋት ማሰብ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ጣሪያው 4 ነው። አንድ ሰው ሌሊቱን ለጥ ብሎ ማደር ከጀመረ፣ ቀን ቀን ገመድ ሲፈልግ ቢውልም፣ በመመዘኛው ዓይን እስከ 6 ነጥብ ተሽሎታል። በ2004 የወጣው የእንግሊዝ የድባቴ ሕክምና መመሪያ መድኃኒት ከማስመሰያ ክኒን በ3 ነጥብ ከበለጠ ልዩነቱ ትርጉም አለው ብሎ ነበር። 3 ነጥብ ማለት በሃሚልተን ሒሳብ አንድ ተኩል የእንቅልፍ ጥያቄ ነው። የሚያስተኛ ነገር ሁሉ እዚህ መመዘኛ ላይ የሐዘን ፈዋሽ ለመምሰል ሩቅ አይሄድም።

ወረቀቱ ይህን ያህል ቢያስቸግር ሐኪሞቹ አሉ አይደል? አሉ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር አምስተኛውን የምርመራ መጽሐፉን ዲኤስኤም-5ን በ2013 ከማውጣቱ በፊት፣ ሁለት ሐኪሞች አንዱን በሽተኛ ለየብቻ አይተው ምን ያህል እንደሚስማሙ በአሜሪካና በካናዳ ፈትኖ ነበር። መለኪያው ካፓ ይባላል፤ እንዲያው በአጋጣሚ የሚገኘውን ስምምነት ቀንሶ የቀረውን ይነግረናል። 1 ፍጹም ስምምነት ነው፤ 0 ማለት ሐኪሞቹ ዕጣ ቢጣጣሉም ያው ነበር ማለት ነው። ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት 0.67 አገኘ፣ ይሁን። ስኪዞፍሬኒያ 0.46። ዋናው ድባቴ፣ የበሽታዎቹ ሁሉ ጉንፋን የሚሉት፣ በየክሊኒኩ በየቀኑ የሚጻፈው ድባቴ 0.28። አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ደግሞ 0.20።

እዚህ ላይ የፈታኞቹን አርቆ አሳቢነት ማድነቅ ይገባል። ውጤቱ ታትሞ ሳይወጣ፣ በ2012፣ የፈተናው መሪዎች በማኅበሩ መጽሔት ላይ ከ0.2 እስከ 0.4 የሚደርስ ካፓ ተቀባይነት እንዳለው አስታወቁ። ማለፊያ ነጥብ አስቀድሞ ዝቅ አለ፣ ተፈታኙም አለፈ። ካፓ ከመቶ የሚታሰብ ውጤት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ የስታትስቲክስ መምህራን አትቆጡኝ። ግን በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶ ማምጣት የቻሉት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው የተባሉት ልጆቻችን ምነው እንዲህ ያለ ሩኅሩኅ ፈታኝ ባገኙ!

እውነት ለመናገር፣ ሐኪሙ የተዘጋጀ መመሪያ ይዞ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ጥያቄውን በቅደም ተከተል ሲጠይቅ ስምምነቱ ከዚህ ከፍ ይላል። ይህ ግን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። አንድ ሰዓት ደግሞ ማን አለው? ቅጹ በሦስት ደቂቃ ያልቃል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ቅጹ በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ስንቱን ለማዕረግ አብቅቷል። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የጠፋበት የጤና ተማሪ አይጨነቅ። «በእገሌ ከተማ በሚገኙ እገሌዎች ላይ የድባቴ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» ብሎ ይጀምር። በ«እገሌዎች» ቦታ ነፍሰ ጡሮችን፣ የስኳር ሕሙማንን፣ መምህራንን፣ እስረኞችን እንዳሻው ያስገባ። ሁለት መረጃ ሰብሳቢ ይቅጠር፣ ለአንድ ቀን ያሠልጥናቸው፣ መጠይቁን ያስሞላ፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይክተት። ከዚያ የተቀደሰችው ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፤ የመጠይቁ ክሮንባክ አልፋ ከ0.7 በላይ በመሆኑ አስተማማኝ ነው። አሜን። ገምጋሚው ራሱን ይነቀንቃል፣ አማካሪው ይፈርማል።

ሊ ክሮንባክ በ1951 በጻፈው ጽሑፍ ስሙ የተጠራው ይህ ቁጥር የሚነግረን ለጥያቄዎቹ የተሰጡት መልሶች አብረው ከፍ፣ አብረው ዝቅ ማለታቸውን ነው። አንድን ሰው «ከፍቶሃል?»፣ «ሆድህ ባብቷል?»፣ «ደስታ ርቆሃል?» እያላችሁ ዘጠኝ ጊዜ ብትጠይቁት አልፋው ሰማይ ይነካል። ቅጹ ከራሱ ጋር ተስማማ ማለት ነው። ከበሽታው ጋር ስለመስማማቱ አልፋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚሳሳት ሰው በአልፋ ችሎት ቀርቦ የታመነ ምስክር ተብሎ ይወጣል። እኛም ሐሰቱ እንዳልተለዋወጠ አረጋግጠን ዲግሪ እንሰጣለን።

ከጥናቱ የሚወጣው «ስርጭት» እንግዲህ እንዴት ያለ ነው? አዘጋጆቹ በ2001 እንደጻፉት፣ 10ን ድንበር ካደረግን ቅጹ ድባቴ ካለባቸው 100 ሰዎች 88ቱን ይይዛል፤ ከሌለባቸው 100 ደግሞ 88ቱን በሰላም ያሰናብታል። ደስ ይላል። እስቲ 1,000 ሰው እናሰልፍና 100ው በእርግጥ ድባቴ አለባቸው እንበል። ቅጹ 88ቱን ያገኛል፤ እሰየው። ከቀሩት 900 ግን 108ቱን አብሮ ጠራርጎ ያስገባል። 10ና ከዚያ በላይ ካገኙት 196 ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ድባቴ የለባቸውም። ይህ የእኔ ሽሙጥ ሳይሆን ማባዛትና መቀነስ ነው። በ2020 የታተመ፣ 44 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራም ይህንኑ አሳይቷል፤ በፒኤችኪው-9 ሲቆጠር 24.6 በመቶ የሆነው ድባቴ፣ የሠለጠነ ሰው በዝርዝር ቃለ መጠይቅ ሲያየው 12.1 በመቶ ሆነ። ግማሹ በንግግር ዳነ።

ወደ ርዕሴ ልምጣ። ድሮ አገር አቋርጦ የሚሄድ ሰው የሚፈራው ወባን ነበር። አሁን ሌላ የሚፈራ ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ተመላላሽ ሕሙማን ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት የፒኤችኪው-9 ተገቢ ድንበር 10 ነው አለ፤ በዚያ ድንበር ላይ ራሱ ቅጹ ድባቴ ከሌለባቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛውን ያህል አለባቸው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው፣ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች የተደረገው ጥናት ደግሞ 5 ላይ ቆመ። ሁለቱም የተደከመባቸው ሥራዎች ናቸው፤ ተመራማሪዎቹ የሰውን አገር ቁጥር እንዳለ ከመቅዳት ቅጹን በአገሩ ሰው ላይ መፈተናቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ 7 ያገኘው መንገደኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ ምንም የለብህም ተብሎ አውቶቡስ ይሳፈራል። ዓለም ገናን ያልፋል፣ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ይሻገራል፣ የጥያን ትክል ድንጋዮች በመስኮት ሲያይ ድባቴ ይዞታል። በመንገድ ላይ የሆነ ነገር የለም። ሻይ ጠጥቷል፣ ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ አውርቷል። በማግስቱ ጉዳዩን ጨርሶ ሲመለስ ድልድዩ ላይ ይሽለዋል። ምልልስ የሚያበዛ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ በዓመት ስንት ጊዜ ታሞ ስንት ጊዜ እንደሚድን እናንተው አስሉ። ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሐሳብ አለኝ፤ ድልድዩ ላይ ሰሌዳ ይተከል።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ጋዜጣ ሲያነቡ ወይም ቴሌቪዥን ሲያዩ ሐሳብ መሰብሰብ ያቅትዎታል ወይ ይላል። ጋዜጣ የማይደርስበት፣ መብራት ያልገባበት ቀበሌ ያለ ገበሬ ለዚህ 0 ሊሰጥ ነው፤ የተረጋጋ ሰው! ቅጹ በሰሙነ ሕማማት ቢመጣ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ የዋሉ አባት ስለ ድካም ሲጠየቁ እውነቱን ይናገራሉ፤ በየቀኑ፣ 3። ባሏን ከቀበረች ሁለተኛ ሳምንቷ የሆነ ሴት ፊት ብናስቀምጠውስ? ሰልስቱ ወጥቷል፣ ዐርባው ገና ነው። አትተኛም፣ አትበላም፣ የዓለም ነገር አይጥማትም፣ «ምነው እኔን ባስቀደመኝ» ትላለች። በቅጹ 20ን ታልፋለች። የቀድሞው የአሜሪካኖቹ መጽሐፍ ለሐዘንተኛ ሁለት ወር ይታገሥ ነበር፤ ዲኤስኤም-5 ያንን አንቀጽ ሰርዞ ነገሩን ለሐኪሙ ማስተዋል ተወው። የእኛ ሰው ሐዘንተኛዋን ከብቦ ያስተዛዝናል፣ እንጀራ ተሸክሞ ይመጣል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል። ቅጹ ግን ድንኳኑን አልፎ ገብቶ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» ብሎ ይጀምራል።

የተገላቢጦሹ ይብሳል። ልጃቸውን በስደት መንገድ ያጡ፣ ከሰው ተለይተው ቤት የዘጉ አባት ጤና ጣቢያ ቀርበው ሲጠየቁ ምን የሚሉ ይመስላችኋል? «እግዚአብሔር ይመስገን።» እንቅልፍስ? «ይመስገነው።» ተስፋ መቁረጥስ? «ኧረ ምን በወጣኝ፣ ይመስገን።» መስጊድ የሚሄዱ ከሆነ «አልሐምዱሊላህ» ነው፤ ነጥቡ አይለወጥም። በባዕድ ፊት ገመናን መዘርዘር ነውር ነው ብለው ያደጉ ሰው ዘጠኙንም በምስጋና ያልፉታል። ድምር፣ 0። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለዓመታዊ ምርመራ የሄደው ወንድማችንም ያው ነው፤ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ አድሮ በተሰጠው ታብሌት ላይ የ0ን ረድፍ ከላይ እስከ ታች ጫን ጫን አድርጎ ወደ ሥራው ይሮጣል። ማሽኑም ደስተኛ ሰው ብሎ ይመዘግበዋል።

እንግሊዞች ይህን ሁሉ አንድ እርምጃ ወስደውት ነበር። ከ2006 እስከ 2013 ድረስ አጠቃላይ ሐኪሞቻቸው አዲስ የድባቴ ሕመምተኛን በመጠይቅ ሲለኩ ክፍያ የሚያስገኝ ነጥብ ይያዝላቸው ነበር። በሽተኛው ነጥብ ያመጣል፣ ሐኪሙም ነጥብ ያመጣል። የተወደደ ሥርዓት ነበር፤ ለምን እንደተዉት አይገባኝም።

ይህን አንብቦ ድባቴ የሚባል በሽታ የለም ብሎ የሚነሣ ካለ ከቅጹም የባሰ ተሳስቷል። በሽታው አለ፣ ይገድላል፣ ይታከማልም። የአእምሮ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር፣ መቶ ሰው በር ላይ የሚጠብቃት ነርስ ዘጠኝ ነገር መጠየቅ እንዳትረሳ የሚያስታውሳት ወረቀት ብትይዝ ክፋት የለውም። ሕክምና የጀመረ ሰው ባለፈው ወር 19 የነበረው በዚህ ወር 8 ከሆነም የሆነ ነገር ይናገራል። ቅጹ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ የመጨረሻው ቃል የሐኪሙ እንደሆነ መመሪያው ላይ ተጽፏል። መመሪያ የሚያነብ ጠፋና መደመሪያው ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ።

ዳኛው ደግሞ ዕውር ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞቼ ባርፍ ይሻላል፣ ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል ወይ ይላል። አንድ ሰው ስምንቱን «የለም» ብሎ በዘጠነኛው ላይ «በየቀኑ» ቢል ድምሩ 3 ነው። በሠንጠረዡ መሠረት 3 ምንም አይደለም፤ ቀጣዩ ይግባ።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ቅጹ ሲሰጣችሁ ሙሉት፤ እንቢ ማለት ደግሞ ሌላ ነጥብ እንዳያስቆጥርባችሁ። ዘጠነኛው ላይ ከ0 ሌላ ቁጥር የጻፋችሁ እንደሆነ ግን ድምሩን አትጠብቁ። ወረቀቱን ይዛችሁ ግቡና ሐኪሙን ቀና ብሎ እንዲያያችሁ አድርጋችሁ በአፋችሁ ንገሩት።